ስልሳዋ ወደ ግራ አጋደለች፦ ባሌስትራ ልቀይር ወይስ ቅጠል ልጨምር?

የሱሉልታ ስልሳ · ሰኞ፣ ምሽት 2፡10

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

መኪናዬ ቶዮታ ላንድክሩዘር ኤች ጄ 60 ናት። 1986 ሞዴል፣ በፈረንጆቹ። ሞተሯ 2ኤች ናፍታ፣ ስድስት ሲሊንደር። አባቴ ነው የሰጠኝ። የምኖረው ሱሉልታ ነው፣ ላሞች አሉኝ። ጠዋት ወተት ጭኜ በእንጦጦ በኩል ወደ አዲሱ ገበያ እወርዳለሁ። ስመለስ ፉርሽካና ፋጉሎ ይዤ እወጣለሁ። እሁድ ደግሞ ልጆቼን ይዤ ገጠር እገባለሁ። አንድ ቀን ባዶዋን፣ አንድ ቀን ሦስት ኩንታል ተሸክማ ነው የምትውለው።

ከክረምት ወዲህ ከኋላ በግራ በኩል አጋደለች። የሰፈራችን ኮብልስቶን ላይ ስትወጣ ከታች "ጓ" የሚል ድምፅ ይመጣል። ትናንት ከስር ገብቼ አየሁ። ከባሌስትራው፣ ማለት መኪናዋን ከሚሸከሙት የተደራረቡ ጎባጣ ብረቶች፣ ሦስተኛው ቅጠል ተሰብሯል። ስብራቱን በባትሪ አብርቼ በጣቴ ዳሰስኩት። ከግማሽ በላዩ ቡናማ ዝገት ነው። የቀረው ግን አዲስ ብረት ይመስላል፣ ግራጫ ሆኖ ያብለጨልጫል።

ሁለት ጋራዥ ጠየቅሁ። አንዱ "ከጭነት መኪና አንድ ወፍራም ቅጠል ቆርጠን እንጨምርልህ፣ ከፍም ትላለች" አለኝ። ሌላው "እንበይደው፣ ማታ ትወስዳታለህ" አለ። ሶማሌ ተራ ወርጄ ሳይ አዲስ ሙሉ ባሌስትራም አለ፣ ያገለገለም አለ።

ይቺን መኪና መሸጥ አልፈልግም። በ2016 ዓ.ም የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ እጃችን ላይ ያለችውን በደንብ መያዝ ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

በያጅ ከአቃቂ · ሰኞ፣ ምሽት 3፡05

እንኳን ዝም ብለህ እሺ አላልክ። እንጀራዬ ብየዳ ነው፣ ባሌስትራ ግን አልበይድም። ገንዘቡን ይዘው ሲመጡም እመልሳለሁ።

የባሌስትራ ብረት እንደ በር ብረት አይደለም። ካርቦኑ ብዙ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ይግላል፣ ዘይት ውስጥ ይነከራል፣ ከዚያ በለስላሳ እሳት እንደገና ይሞቃል። ተለጥጦ የሚመለሰው በዚህ ነው። ኤሌክትሮድ ስታሳርፍበት ግን ከብየዳው አጠገብ ያለው ቦታ ባንዴ ግሎ ባንዴ ይቀዘቅዛል። ያ ቦታ እንደ ብርጭቆ ይሆናል። ከእሱ ትንሽ ራቅ ያለው ደግሞ ጉልበቱን አጥቶ ይለሰልሳል። ብየዳው ራሱ ላይሰበር ይችላል። ጎኑ ግን ይሰበራል።

ዋናው ቅጠል ላይ ቢሆን ደግሞ አስበው። ጫፉ ላይ የተጠቀለለው ዓይን ነው አክስሉን (ጎማዎቹን የያዘውን ዘንግ) ከሻንሲው (ከመኪናዋ የብረት አጥንት) ጋር የሚይዘው። የእንጦጦን ቁልቁለት ስትወርድ እሱ ቢለቅህ አክስሉ ወደ ኋላ ይሄዳል።

ያየኸው ዝገት ደግሞ ብዙ ይናገራል። ቡናማው ክፍል ስንጥቁ ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ውሃ ሲገባበት የኖረ ነው። የሚያብለጨልጨው በቅርብ ቀን የለቀቀው ነው። ሌሎቹ ቅጠሎችም ላይ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ሊኖር ይችላል። አንዱን ብቻ ጠግነህ አትረፍ።

የዓለም ገናው መካኒክ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡20

እንደምን አደርክ ልጄ። ምንም ከመፍታትህ በፊት ለካ። እኔ ጋ የሚመጡ ሰዎች ግማሾቹ መኪናቸው ስንት ሴንቲ እንደወረደ አያውቁም። "ዝቅ ብላለች፣ ከፍ አድርጋት" ብቻ ነው የሚሉት።

ደልዳላ ቦታ አቁማት። የጎማዎቹን አየር እኩል አድርግ። ከቸርኬው መሃል ቀጥ ብለህ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለካ፣ አራቱንም። ከመሬት አትለካ፣ የተበላ ጎማ ያሳስትሃል። ቀጥለህ ከአክስሉ እስከ ሻንሲው ስር ያለችው የጎማ ትራስ ስንት ሴንቲ ክፍት እንዳለ እይ። ያ "ጓ" የምትለው ድምፅ እዚያ ነው የሚወለደው።

ከዚያ ሁለት ኩንታል ፋጉሎ በሚዛን አስመዝንና ከኋላው አክስል ልክ በላዩ አስቀምጥ። እንደገና ለካ። ስንት ወረደች? ይሄን ቁጥር አምጣልኝ፣ ምን ዓይነት ባሌስትራ እንደሚያስፈልግህ እነግርሃለሁ።

ስለ ወፍራሙ ቅጠል ልንገርህ። የቅጠል ጥንካሬ ከውፍረቱ ጋር እኩል አይሄድም። ርዝመትና ስፋቱ አንድ የሆነ ቅጠል ውፍረቱ እጥፍ ቢሆን ጥንካሬው ስምንት እጥፍ ነው። ከ7 ሚሊ ወደ 8 ሚሊ ስትሄድ እንኳ ግማሽ ያህል ይጨምራል። ከጭነት መኪና የተቆረጠ ቅጠል ስታስገባ ቀጭኖቹ ሥራ ይፈታሉ። መኪናዋ ባዶዋን እንደ ጋሪ ትንጫጫለች። ቅጠሎቹ አብረው ሲታጠፉ ደግሞ ትልቁ ጫና የሚያርፈው ወፍራሙ ላይ ነው። ቀድሞ የሚሰበረውም እሱ ነው። ልጆችህ ከኋላ ነው የሚቀመጡት፣ አይደለም?

ቆፍጣና ፒካፕ · ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9፡00

ጋሼ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እኔ አልስማማም። ሃይሉክስ ነው ያለኝ፣ የድሮው፣ ከፊትም ባሌስትራ ያለው። ከኋላ ሲወርድብኝ አሮጌውን አስፈትቼ እንደገና አስጎበጥኩት። የአዲሱን ሩብ ዋጋ ነው የከፈልኩት። ሁለት ዓመቱ ነው፣ አልወረደም። ሰው ሁሉ አዲስ ግዛ ሲባል ከየት ያመጣል? ይሄ ልጅ ላም ነው የሚቀልበው።

የዓለም ገናው መካኒክ · ማክሰኞ፣ ምሽት 1፡45

ልክ ነህ፣ ወጪው ቀላል አይደለም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሲያጎብጡልህ በእሳት ነው ወይስ በቀዝቃዛው?

ቆፍጣና ፒካፕ · ማክሰኞ፣ ምሽት 2፡00

በእሳት ነው። እያንዳንዱን ቅጠል ምድጃ ውስጥ ቀይ አድርገው፣ በፎርሙ ላይ አጉብጠው፣ ዘይት ውስጥ ነከሩት። መልሰውም አሞቁት። ቆሜ ነው ያየሁት።

የዓለም ገናው መካኒክ · ማክሰኞ፣ ምሽት 2፡30

በል እንግዲያው ጥሩ ባለሙያ ነው የገጠመህ። እንዲህ ከተሠራ እኔም እቀበለዋለሁ። የምቃወመው በቀዝቃዛው በመዶሻ የሚቀጠቀጠውን ነው። እሱ በሳምንት በወር ውስጥ ወደነበረበት ይመለሳል። መዶሻው ያረፈበት እያንዳንዱ ጠባሳ ደግሞ የስንጥቅ መነሻ ነው። ወንድምህ ግን የተሰበረ ቅጠል ነው ያለው። የደከመ ይጎበጣል፣ የተሰበረ አይጎበጥም።

የሱሉልታ ስልሳ · ረቡዕ፣ ምሽት 1፡15

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ለካሁ።

ባዶዋን ከኋላ በቀኝ 48 ሴንቲ፣ በግራ 44 ተኩል። ከጎማ ትራሱ ጋር ያለው ክፍተት በቀኝ 7፣ በግራ 3 ተኩል። ሁለት ኩንታል ስጭን ቀኙ 4 ተኩል ሴንቲ ወረደ። ግራው ትራሱን ነካ። ከዚያ በላይ መውረጃ የለውም። እኔ ደግሞ ሦስት ኩንታል ነበር የምጭንባት።

ስለካ ነው የገባኝ። ለካ ያ ድምፅ ሁሉ አክስሉ ትራሱን እየመታ ነበር።

የዓለም ገናው መካኒክ · ረቡዕ፣ ምሽት 2፡50

ጎበዝ። አሁን እንነጋገር። በቀኝ በኩል የደረሳት 100 ኪሎ፣ የሁለቱ ኩንታል ግማሽ፣ 4 ተኩል ሴንቲ ካወረዳት፣ ባሌስትራህ ለአንድ ሴንቲ 22 ኪሎ ገደማ ነው የሚሸከመው። ለቤተሰብ መኪና ምንም አይልም። ላንተ ሥራ ግን ለስላሳ ነው። ለሴንቲ 30 ኪሎ አካባቢ የሚሸከም ይበቃሃል። ከዚያ በላይ አትሂድ። አምስት ኩንታል ታሳቢ ተደርጎ የተሠራ ባሌስትራ ብትገዛ እሁድ ልጆችህን ስትይዝ ምንም አይታጠፍም። የማይታጠፍ ባሌስትራ ሻንሲውን ነው የሚያስታጥፈው። በ60 ሻንሲ ላይ ስንጥቅ አይቻለሁ፣ ከዚሁ የተነሳ።

ሁለቱንም ጎን ቀይር። አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ከሆነ ማጋደሉ ይቀጥላል።

ለሌሎች አንባቢዎችም፣ ምንም ሳይሰበር ካጋደለባችሁ የኋላ ባሌስትራዎቹን ቀኙን ወደ ግራ፣ ግራውን ወደ ቀኝ ቀያይሩ። ማጋደሉ አብሮ ከተሻገረ ጥፋቱ የባሌስትራው ነው። እዚያው ከቀረ ቡሹን (ዓይኑ ውስጥ ያለውን ቀለበት)፣ ሻክሉን (የባሌስትራውን አንድ ጫፍ ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘውን ተንቀሳቃሽ ማያያዣ) እና ሻንሲውን እዩ። ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ የማያስፈልግ ግዢ ግን ያድናል።

ቡራዩ 75 · ሐሙስ፣ ረፋድ 4፡30

ሰላም ወንድሜ። እኔ ያለኝ ኤች ዜድ ጄ 75 ነው፣ 1ኤችዜድ ሞተር። ባለፈው ዓመት አራቱንም ባሌስትራ ከባለቤቴ ጋር ግቢያችን ውስጥ ቀይረናል። ያየሁትን ልንገርህ።

እንደ ኦልድ ማን ኢሙ ያሉ ፋብሪካዎች የሚሸጧቸው የባሌስትራ ስብስቦች እንደ ቋሚ ጭነቱ መጠን ተለይተው ነው የሚመጡት። ስትገዛ "ለ60" ብቻ አትበል፣ "ለዚህ ያህል ጭነት" በል። አንዳንዱ ስብስብ የሾፌር ጎንና የተሳፋሪ ጎን ተብሎ ይለያል። መሪው በቀኝ ለሆነበት አገር ተብሎ የተሠራ ከሆነ ሾፌሩ የሚቀመጠው በቀኝ ነው። እኛ ጋ በግራ ነው። ጽሑፉን ሳይሆን ጠንካራው የቱ እንደሆነ አይተህ ግጠም። እኛ ሳናስተውል አገላብጠን ገጥመን ሁለቴ ፈትተናል።

ሶማሌ ተራ ስትሄድ ሜትርና ካሊፐር ይዘህ ሂድ። የየቅጠሉን ውፍረት ለካ። አዲስ ቀለም ተቀብቶ የሚሸጥ አሮጌም አለ። ዓይኑን ከውስጥ እየው፣ ቀለም እዚያ አይደርስም። ዓይኑ በውስጥ በኩል ሞላላ ሆኖ ከተበላ ተወው።

ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩትን ዩ ቦልቶች አዲስ ግዛ። አሮጌውን መልሰህ እንዳትጠቀም። አንዴ ጠብቆ የተለጠጠ ዩ ቦልት ሁለተኛ እንደ መጀመሪያው አይጠብቅም።

ፊት ለፊቱንም ለማንሳት ካሰብክ ረጅም ሻክል ከማስገባትህ በፊት መጥተህ ጠይቀኝ። በእሱ ተቸግሬያለሁ።

ለገጣፎ ጀማሪ · ሐሙስ፣ ምሽት 1፡00

ይቅርታ፣ በመሃል ልግባ። ቡሹ የጎማ ይሻላል ወይስ ያ ባለ ቀለሙ ፖሊዩሬቴን? ሱቅ ውስጥ ቀዩን ነው የሚያሞግሱት።

ቡራዩ 75 · ሐሙስ፣ ምሽት 1፡25

ለእኛ መንገድ የጎማው ይሻላል ባይ ነኝ። ፖሊዩሬቴኑ ይቆያል፣ ግን ቅባቱ ሲደርቅ ሲጥ ሲጥ ይላል። መረሬው አፈር ከገባበት ደግሞ እንደ ሞረድ ነው የሚበላው። የጎማውን ስታስገባ ግን ግራሶ አትቀባው። ግራሶና ናፍታ ጎማውን ያሳብጠዋል። በሳሙና ውሃ አርጥበህ አስገባው።

የሱሉልታ ስልሳ · እሁድ፣ ምሽት 3፡30

ገጠምኩ! ትናንት ጠዋት ጀመርን፣ ዛሬ ከሰዓት ጨረስን። ጎረቤቴ ነበር የረዳኝ። እንዳለ ልጻፈው፣ ለሌላ ሰው ይጠቅማል።

የፊት ጎማዎቹን በሁለቱም በኩል ታኮ አደረግን። ከኋላ ሻንሲውን በሁለት ጠንካራ ማቆሚያ ደገፍን። ክሪኩን ከዲፍሬንሻሉ ስር አስገባንና አክስሉን ብቻ ከፍ ዝቅ እንድናደርግበት ተውነው። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር ማንም እንዳይገባ ለጎረቤቴ ልጅ ደጋግሜ ነገርኩት።

የዩ ቦልቱ ዳዶዎች አንዱም አልዞር አለ። በግራይንደር ቆረጥናቸው። ጋሼ በስልክ ያስጠነቀቁኝን አልረሳሁም። በ60 ላይ ነዳጅ ታንኩ ከኋላ ነው። ሁለት ጆንያ በውሃ ነክረን ታንኩን ሸፈንነው፣ አንድ ባልዲ ውሃም አጠገባችን አኖርን። እሳት ግን ጨርሶ አላቀረብንም።

ቀኑን የበላብን የባሌስትራውን ዓይን ከሻንሲው ጋር የሚይዘው የፊተኛው ፒን ነው። ቡሹ ደርቆ ከፒኑ ጋር ተጣብቋል። ዓርብ ማታ የዝገት ማላቀቂያ ረጭቼበት ስላደረ ረድቶናል። አንድ ሰዓት ያህል ወዲያ ወዲህ አዞርነው። ሲለቅ "ቷ" አለና ቀይ አቧራ ረገፈ። ቡሹ እጄ ላይ እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ።

አዲሱ ባሌስትራ ጎባጣ ስለሆነ ሁለቱ ዓይኖች ተቀራርበዋል። መጀመሪያ ቋሚውን ጫፍ አስገባን፣ ከዚያ ሻክሉን። ፒኖቹን በእጅ ብቻ አስያዝናቸው። ጎማውን አስረን መኪናዋን መሬት ላይ አውርደን፣ አራት አምስት ጊዜ ከኋላ ተጭነን ካወዛወዝናት በኋላ ነው ያጠበቅነው። ጋሼ "ጎማው አየር ላይ ሳለ ካጠበቅህ ቡሹ ተጠምዝዞ ይቀራል፣ መኪናዋም ከፍ ብላ ትደርቃለች" ብለውኝ ነበር።

አንድ ስህተት ሠርተናል። ሁሉን አጥብቀን ካበቃን በኋላ ከፊተኛው ፒን እስከ አክስሉ በሲባጎ ለካን። በግራ በኩል 8 ሚሊ ልዩነት አገኘን። ቅጠሎቹን አንድ ላይ የሚያስረው የመሃል ቡሎን ጭንቅላት አክስሉ ላይ ካለው ቀዳዳ ውስጥ አልገባም፣ ጠርዙ ላይ ነው የተቀመጠው። ፈትተን፣ አክስሉን በትንሹ በክሪክ እያነሳን በዱላ ገፋ ስናደርገው "ጠቅ" ብሎ ገባ። ባንለካ ኖሮ መኪናዋ በጎን ትሄድ ነበር።

አሁን ቁጥሩ። ባዶዋን በቀኝም በግራም 51። ክፍተቱ 10። ሁለት ኩንታል ስጭን 3 ሴንቲ ከ3 ሚሊ ወረደች፣ እኩል። ጋሼ፣ ለአንድ ሴንቲ 30 ኪሎ ልክ ይመጣል!

በያጅ ከአቃቂ · እሁድ፣ ምሽት 4፡00

ደስ ይላል! የጆንያው ነገር በጣም ጥሩ ነው፣ እኔም ሁሌ የማደርገው ነው። ዩ ቦልቶቹን ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና እይ፣ በመስቀል ቅርጽ እየተዘዋወርክ። ቀለሙ ሲያልቅና ቅጠሎቹ ሲሰፍሩ ይላላሉ።

የሱሉልታ ስልሳ · ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሰኞ ምሽት 2፡00

ተመልሻለሁ፣ በጥሩም በመጥፎም።

ከኋላ ስትስተካከል ፊቷ ያጎነበሰች መሰለኝ። የፊት ባሌስትራም ገዛሁ። ሻጩ ረጅም ሻክል ጨመረልኝ፣ "ፊቷን ያነሳልሃል" ብሎ። እህቴ ከቡራዩ፣ ጠይቀኝ ብለሽኝ ነበር፣ ቸኮልኩ።

ዛሬ ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ ስወርድ መሪው ዋለለብኝ። ወደ ቀኝ ትሄዳለች፣ እመልሳታለሁ፣ ወደ ግራ ትሄዳለች። ከኩርባ ስወጣ መሪው ራሱ አይመለስም። ፍሬን ስይዝ ደግሞ ፊቷ ይደፋል፣ ከኋላ የሚይዝ ነገር ያለ አይመስልም። ወተቱን ሳላደርስ ዳር ይዤ ቆምኩ። ፈርቻለሁ።

ቡራዩ 75 · ሰኞ፣ ምሽት 2፡20

አይዞህ። ሁለት የተለያየ ነገር ነው፣ ሁለቱም ይስተካከላል። ግን እስኪስተካከል ቁልቁለቱን አትውረድባት።

መሪው በሻክሉ ምክንያት ነው። ያንተ ሻክል ከፊተኛው ጫፍ ነው ያለው። እሱ ሲረዝም የባሌስትራው ፊተኛ ጫፍ ወደ ታች ይወርዳል፣ አክስሉም አናቱን ወደ ፊት ይዞ ይዞራል። የመሪው ማዕዘን፣ ካስተር የሚሉት፣ ይቀንሳል። የሱቅ ጋሪ የፊት ጎማ ራሱ የሚስተካከለው ማዞሪያው ከጎማው ቀድሞ ስለተቀመጠ ነው። መኪናም እንደዚያው ነው። ማዕዘኑ ሲጠፋ መሪው መንገዱን ይረሳል።

ጥቅሙም ያን ያህል አይደለም። ሻክሉ 5 ሴንቲ ቢረዝም መኪናዋ የምትነሳው 2 ሴንቲ ተኩል ገደማ ብቻ ነው፣ ሌላኛው ጫፍ ቋሚ ስለሆነ። ለዚህች ብለህ መሪህን አትስጥ። የድሮውን ሻክል መልስ። አዲሱ ባሌስትራ ብቻውን ከፍ ስለሚያደርጋት ትንሽ ጉድለት ከቀረህ በአክስሉና በባሌስትራው መሃል የሚገባ የብረት ሽብልቅ አለ። ባለ 2 ዲግሪ ይበቃሃል። በ60 ላይ ባሌስትራው ከአክስሉ በታች ነው፣ ስለዚህ ወፍራሙ ጎን ወደ ፊት። አገላብጠህ ካስገባኸው ይብሳል። ሽብልቁ ውፍረት ስለሚጨምር የመሃል ቡሎኑ ረዘም ያለ መሆን አለበት። ከገጠምክ በኋላ አላይመንት ቤት ወስደህ ካስተሩን አስለካ።

የዓለም ገናው መካኒክ · ሰኞ፣ ምሽት 3፡10

ልጄ፣ የቡራዩዋ እህትህ የተናገረችው ሁሉ ትክክል ነው። ፍሬኑን እኔ ልጨምር።

ከኋላ ሻንሲው ላይ አንዲት ቫልቭ አለች፣ በቀጭን ዘንግ ከአክስሉ ጋር የተያያዘች። መኪናዋ ስትጫንና ስትወርድ ዘንጓ ቫልቯን ትገፋለች። ቫልቯም "ጭነት አለ" ብላ ለኋላ ፍሬን ዘይት ትጨምራለች። አንተ መኪናዋን ስላነሳሃት ቫልቯ ሁልጊዜ ባዶ ናት ብላ ታስባለች። ለኋላው አትሰጥም። ፊት ብቻ ነው የሚይዝልህ። የዘንጓን ማስተካከያ ፈትተህ ባነሳኸው ልክ መልሳት። ከኋላ ያለችውን የፍሬን ጎማ ቱቦም እይ። አክስሉ እስከ መጨረሻው ሲወርድ መወጠር የለባትም።

ሾኮቹንም ሳትረሳ። ሾክ ክብደት አይሸከምም፣ መወዛወዝ ነው የሚያቆመው። "ወረደብኝ" ብሎ ሾክ የሚቀይር ሰው ገንዘቡን ይጥላል። ግን መኪና ካነሳህ በኋላ አሮጌው ሾክ ሊያጥር ይችላል። አክስሉ ሲወርድ ሾኩ ቀድሞ ካለቀ ማሰሪያው ይቀደዳል። ሙሉ ወርዶ ስንት፣ ትራሱን ነክቶ ስንት፣ ሁለቱንም ለካና በዚያ ግዛ።

ቆፍጣና ፒካፕ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡00

እኔ ስለዚች ቫልቭ ዛሬ ነው የሰማሁት። ከስር ገብቼ አየሁ፣ የእኔ ዘንግ ተፈታ ሻንሲው ላይ በሽቦ ታስራለች። የሆነ ሰው ነው ያሰራት፣ መቼ እንደሆነ አላውቅም። ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬውኑ አስተካክላታለሁ።

የሱሉልታ ስልሳ · ቅዳሜ፣ ምሽት 1፡30

የድሮውን ሻክል መለስኩ። ሽብልቁን ቶርኖ ቤት አሠራሁት፣ ከብረት። አሉሚኒየም አለ፣ ግን በያጁ ወንድሜ "ይደቀቃል" ስላለኝ ተውኩት። ወፍራሙ ወደ ፊት። የቫልቯን ዘንግ አስተካከልኩ። አላይመንት ቤት ሲለካ ካስተሩ የመኪናዋ መጽሐፍ በሚለው ልክ ውስጥ ገባ።

ዛሬ ጠዋት መጀመሪያ ባዶዋን ወደ ጫንጮ አቅጣጫ ሜዳውን ሞከርኳት። መሪውን ለቀቅ አድርጌ ሳያት ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ከኩርባ ስወጣ መሪው እጄ ውስጥ ራሱ ይመለሳል። ከዚያ ወተቱን ጭኜ እንጦጦን ወረድኩ። ፍሬን ስይዝ አራቱም እግሯ እኩል ተቀመጠ። የወተት ጣሳዎቹ ክዳን ድሮ እስከ ታች ድረስ ይንቀጫቀጭ ነበር። ዛሬ ኮብልስቶኑ ላይ ብቻ ነው የተሰማኝ።

አንድ ነገር ቀረኝ። በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር አካባቢ ከስር የምትርገበገብ ነገር አለች። ከዚያ በላይ ስሄድ ትጠፋለች።

የዓለም ገናው መካኒክ · ቅዳሜ፣ ምሽት 2፡15

ከካምቢዮው ወደ ኋላ አክስል ኃይል የሚያደርሰው ካርዳን ዘንግ ነው። ከኋላ ስትነሳ የዘንጉ ማዕዘን ጨመረ። በሁለቱ ጫፍ ያሉት ክሮቼራዎች፣ የዘንጉ ተጣጣፊ መገጣጠሚያዎች፣ ማዕዘናቸው እኩል ካልሆነ እንዲህ ይርገበገባል። ስልክህ ላይ ማዕዘን መለኪያ አለ አይደል? የካምቢዮውን መውጫና የዲፍሬንሻሉን አፍንጫ ለካ። ልዩነቱ አንድ ዲግሪ ከሆነ ተወው፣ ክሮቼራውን ግራሶ አጠጣውና እየው። ከዚያ ከበለጠ እዚያም ቀጭን ሽብልቅ ይገባል። ዩ ቦልቶቹንስ አየሃቸው?

የሱሉልታ ስልሳ · ቅዳሜ፣ ምሽት 2፡40

ዛሬ 540 ኪሎ ሜትር ሞልታለች። የኋላዎቹ ስምንቱም ዳዶዎች ሩብ ዙር ያህል ተቀበሉ። የፊቶቹ ገና አዲስ ስለሆኑ በሚቀጥለው ሳምንት አያቸዋለሁ።

ነገ ጠዋት ክሮቼራውን ግራሶ አጠጥቼ ማዕዘኑን እለካለሁ። ከሰዓት ከጫንጮ ድርቆሽ ላመጣ ነው። በ70ዋ ላይ ምን እንዳለች ማታ እዚሁ እጽፋለሁ።